ሶሌታ ሲጎብጥም ሲጨመቅም

የአርማታ ሶሌታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ለመጉበጥ ነው፤ ከላይ ያረፈበት ክብደት ያጎብጠዋል፣ ፌሮው መጉበጡን ይቋቋማል። ከመሬት በታች ባሉ ወለሎች ግን ሶሌታው ሌላ ሥራ ይደረብበታል። የምድር ቤቱን ግድግዳዎች አፈር ከውጭ ይገፋቸዋል፤ ግድግዳዎቹ ደግሞ የሚደገፉት በየወለሉ ሶሌታ ጠርዝ ነው። ሶሌታው ከላይ እየተጫነ ከጎን ይጨመቃል ማለት ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ አቅሙ ይጨምር ወይስ ይቀንስ እንደሆነ አንዲት ወጣት መሐንዲስና ዕድሜውን በአርማታ ሥራ ያሳለፈ አዛውንት እንዲህ ተጠያየቁ።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ሶሌታ የሚጨመቀው ምድር ቤት ውስጥ ብቻ ነው?

አዛውንቱ፦ አይደለም፤ ጎልቶ የሚታየው ግን እዚያ ነው። በብረት ገመድ ተወጥሮ የሚሠራ ሶሌታ ገና ሲሠራ ጀምሮ ይጨመቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሜጋፓስካል ያህል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደግሞ ወለሉ የሕንፃውን ክብደት ይዞ ወደ ጎን ሲወዛወዝ አንዱ ጠርዙ ይጨመቃል፣ ሌላው ይሳባል፤ ወዲያው ተራ ይለዋወጣሉ። የምድር ቤቱ ግፊት ከነዚህ የሚለየው ሌት ተቀን የማይለቅ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ለመማር እሱ ይሻላል።

ወጣቷ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ግፊት የሌለበትን እንይ። ሶሌታ ሲጎብጥ ውስጡ ምን ይሆናል?

አዛውንቱ፦ በሁለት ድጋፍ መካከል የላይኛው ፊቱ ያጥራል፣ የታችኛው ይረዝማል። ኮንክሪት ሲጨመቅ ጠንካራ ነው፤ ሲሳብ ግን የሚችለው የመጨመቅ አቅሙን አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ ታችኛው ፊት ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ በኋላ መሳቡን የሚሸከመው ፌሮው ነው። ከላይ ያለው የተጨመቀ ኮንክሪትና ከታች ያለው የተሳበ ፌሮ እኩል ኃይል ይይዛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በዚያ ኃይል ሲባዛ የሶሌታው የሞመንት አቅም ይገኛል። በሁለቱ መካከል የማያጥርም የማይረዝምም መስመር አለ፤ ገለልተኛ መስመር እንበለው። ጉዳዩን ሁሉ የሚወስነው የዚያ መስመር ጥልቀት ነው።

ወጣቷ፦ በቁጥር ይሁንልኝ።

አዛውንቱ፦ 150 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ውሰጂና አንድ ሜትር ስፋት ቁረጪለት። ከላይም ከታችም ባለ 10 ሚሊሜትር ፌሮ በየ150 ሚሊሜትሩ ተዘርግቷል፤ ከቨሩ፣ ማለትም ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት፣ 20 ሚሊሜትር ነው። ኮንክሪቱ በኩብ ሲፈተን 25 ሜጋፓስካል የሚሰጥ ነው፤ አሁን በምንሠራበት የኢትዮጵያ ደረጃ ሲ 20/25 ተብሎ ይጻፋል። ለስሌት የምንጠቀምበት ጥንካሬ 11.3 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ፌሮው 400 ሜጋፓስካል ሲሆን ለስሌት 348 ይወሰዳል። ኮንክሪት በሜትር 3.5 ሚሊሜትር ሲያጥር ይፈረከሳል፤ ፌሮው ደግሞ በሜትር 1.74 ሚሊሜትር ሲረዝም እጅ ይሰጣል። በዚህ ስታሰይው ያለ ጎን ግፊት የሶሌታው አቅም በየሜትሩ 21.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። ገለልተኛው መስመር ከላይ 23 ሚሊሜትር ላይ ያርፋል፤ ፌሮው ከኮንክሪቱ በፊት እጅ ይሰጣል። ይህ ጥሩ አወዳደቅ ነው፤ ሶሌታው መጀመሪያ ይረግባል፣ ይሰነጠቃል፣ ሰው እንዲወጣ ጊዜ ይሰጣል።

ወጣቷ፦ አሁን አፈሩ ይግፋ።

አዛውንቱ፦ ሶሌታው ከመሬት 6 ሜትር ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ወለል ከወለል 3 ሜትር ይራራቅ። የአፈሩ ክብደት በሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን ነው። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ የክብደቱ ግማሽ ያህል ወደ ጎን ይገፋል፤ በ6 ሜትር ጥልቀት 54 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ማለት ነው። ይህ በ3 ሜትር ቁመት ሲባዛ ሶሌታው በየሜትሩ ወደ 160 ኪሎ ኒውተን ይቀበላል። በውፍረቱ ስታካፍይው 1 ሜጋፓስካል ጥቂት አልፎ ነው፤ ለኮንክሪት ምንም አይደለም።

ወጣቷ፦ ምንም ካልሆነ አቅሙም አይለወጥ ይሆናል።

አዛውንቱ፦ ይለወጣል እንጂ፤ ያውም ብዙ። ከ21.5 ወደ 30 ገደማ ያድጋል፤ ወደ 40 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው።

ወጣቷ፦ ተጨማሪ ጫና ተጭኖበት እንዴት ይጠነክራል?

አዛውንቱ፦ የቀን ሠራተኛ አራት አምስት ጡብ በአግድም ደርድሮ በሁለት መዳፉ ከዳር ከዳር ጨምቆ ያነሳቸዋል። ጡቦቹን ያያያዛቸው ሌላ ነገር የለም፤ ሲጨመቁ በመካከላቸው መከፈት የሚፈልገው ክፍተት ስለሚዘጋ ብቻ እንደ አንድ ሳንቃ ይያዛሉ። በሶሌታውም ግፊቱ ከታች ሊከፈት የሚፈልገውን ስንጥቅ ይዘጋል። በስሌቱ ስታይው፣ ቀድሞ የላይኛው ኮንክሪት የሚመጣጠነው ከፌሮው መሳብ ጋር ብቻ ነበር። አሁን የፌሮውን መሳብና የአፈሩን ግፊት በአንድነት መመከት አለበት። የተጨመቀው ክፍል ይሰፋል፤ ገለልተኛው መስመር ከ23 ወደ 30 ሚሊሜትር ይወርዳል። የሰፋው ኮንክሪት ከሶሌታው መካከል ርቆ ስላለ እያንዳንዱ ኪሎ ኒውተን በሞመንት ላይ ይጨምራል።

ወጣቷ፦ እንዲህ ከሆነ ግፊቱ በበዛ ቁጥር አቅሙ ያድጋል ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ እስከ አንድ ቦታ ድረስ። ግፊቱን 400 ብታደርጊው አቅሙ 41 ይሆናል። 757 ላይ ስትደርሺ 50 ይሞላል፤ ጫፉ እዚያ ነው፤ የሚዛን ነጥብ ይባላል። በዚያ ነጥብ ላይ ከላይ ኮንክሪቱ ሲፈረከስ ከታች ፌሮው በዚያችው ቅጽበት እጅ ይሰጣል። ከዚያ ካለፍሽ ኮንክሪቱ ይቀድማል፤ ፌሮው ሙሉ ኃይሉን ሳያወጣ ነገሩ ያበቃል። 1,500 ላይ አቅሙ ወደ 31 ይወርዳል። ምንም ሞመንት ባይኖር ሶሌታው የሚችለው የጎን ግፊት 2,050 ገደማ ነው። እነዚህን ነጥቦች በወረቀት ላይ ብታገናኚያቸው ሆዱ ወደ ውጭ የወጣ ኩርባ ይሰጡሻል፤ ለኮለን የምንስለው ያው ነው።

ወጣቷ፦ 2,050 ላይ ሞመንት ከቶ የለም ብሎ ማሰብ ይቻላል?

አዛውንቱ፦ በወረቀት እንጂ በሥራ ቦታ አይቻልም። ግፊት ልክ በመሃል አይገባም። ደረጃውም ይህን ስለሚያውቅ ቢያንስ 20 ሚሊሜትር ከመሃል እንደሸሸ አድርገሽ አስይ ይላል። 1,500ን በ20 ሚሊሜትር ብታባዢው 30 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይመጣል፤ ኩርባው ደግሞ እዚያ 31 ነበር። ስለዚህ የዚህ ሶሌታ እውነተኛ ጣሪያ 1,500 አካባቢ ነው። ሆኖም ይህን ያህል የሚጨመቅ የሕንፃ ሶሌታ እምብዛም አይገኝም። የሚዛን ነጥቡ እንኳ 5 ሜጋፓስካል ይጠይቃል። ሶሌታ ዕድሜውን የሚያሳልፈው በኩርባው ታችኛ ክንድ ላይ ነው፤ ግፊት በሚጠቅምበት በኩል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ መሐንዲሱ ግፊትን ወዳጅ ብቻ አድርጎ ያየዋል።

ወጣቷ፦ ወዳጅ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አዛውንቱ፦ በዚሁ ሶሌታ እንፈትነው። በሁለት ቢሞች መካከል 4.5 ሜትር ይዘርጋ፤ መኪና ማቆሚያ ይሁን። የራሱ ክብደት 3.75፣ ንጣፍና ልስኑ 1.5፣ የመኪናው ጭነት 2.5 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር ነው። ቋሚውን በ1.35፣ ተንቀሳቃሹን በ1.5 ስታባዢ 10.8 ይመጣል፤ ሞመንቱ 27.4 ይሆናል። ያለ ግፊት አቅሙ 21.5 ስለሆነ አያልፍም። በ160 ግፊት ግን 30 ስለሆነ ያለፈ ይመስላል።

ወጣቷ፦ ያለፈ ይመስላል ነው ያሉት።

አዛውንቱ፦ አዎ፤ ግፊቱ ጥቅሙን ሰጥቶ ሂሳቡን አልጨረሰምና። ሶሌታው ወደ ታች ሲረግብ የጎን ግፊቱ በረገበው ልክ ከመሃል ይሸሻል፤ የሸሸው ርቀት በግፊቱ ሲባዛ አዲስ ሞመንት ይወልዳል። ርግበቱ ደረጃው የሚፈቅደው ያህል፣ የስፓኑ 250ኛ፣ 18 ሚሊሜትር ቢሆን ጭማሪው 2.9 ነው። ካሳ ፎርማው መጀመሪያውኑ ፍጹም ቀጥ ያለ አይሆንምና የስፓኑ 400ኛ፣ 11 ሚሊሜትር፣ ይታሰባል፤ እሱም 1.8 ይጨምራል። ሲደመር 32 አለፈ። አቅሙ 30 ነበር። ግፊቱን ሙሉ ወዳጅ አድርገን ቆጥረነውም ሶሌታው አላለፈም።

ወጣቷ፦ ለኮለን የምናስበው የመቅጠን ነገር ነው እንግዲህ።

አዛውንቱ፦ ራሱ ነው። ይህን ሶሌታ ቀና አድርገሽ ብታቆሚው 4.5 ሜትር ቁመትና 150 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮለን ይሆናል፤ የቅጥነት ልኩ ከ100 ይበልጣል። እንዲህ ያለ ኮለን ማንም ዝም ብሎ አይፈርምበትም፤ ተጋድሞ ሲመጣ ግን ማንም አያስተውለውም። ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅና በዓመታት ውስጥ ከጭነቱ ሥር ቀስ እያለ ቅርጹን ሲለውጥ ግትርነቱ ስለሚቀንስ ርግበቱ ከመጀመሪያው ቀን ስሌት በላይ እንደሚሆንም አትርሺ።

ወጣቷ፦ መፍትሔው ሶሌታውን ማወፈር ነው?

አዛውንቱ፦ ማወፈርም ይቻላል፤ ክብደቱ ግን አብሮ ይጨምራል። እዚህ የሚቀለው የታችኛውን ፌሮ ከ150 ወደ 100 ሚሊሜትር ማቀራረብ ነው። ያለ ምንም ግፊት አቅሙ 30.8 ይሆናል፤ ከ27.4 ይበልጣል። በ160 ግፊት ደግሞ ወደ 39 ይጠጋል፤ 32ቱን ያልፋል። አንድ ነገር ግን ይለወጣል፦ በግፊት ጊዜ ገለልተኛው መስመር ወደ 36 ሚሊሜትር ይወርዳል። ደረጃው መስመሩ ከውጤታማው ጥልቀት (ከላይኛው ፊት እስከ ታችኛው ፌሮ መሃል ካለው) ሩብ፣ እዚህ 31 ሚሊሜትር፣ ሳያልፍ ሲቀር ሞመንትን ያለ ተጨማሪ ምርመራ በፕላስቲክ ስሌት እንድታከፋፍይ ይፈቅዳል። ቀጣይ ሶሌታ ቢሆን ኖሮ ያ ፈቃድ ይቀር ነበር። ግፊት አቅም ይጨምራል፣ የመለጠጥ ጸባይን ግን ይቀንሳል።

ወጣቷ፦ ያለ ግፊትም እንዲያልፍ ያደረጉት ለምንድነው? አፈሩ የት ይሄዳል?

አዛውንቱ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው ልጄ። አፈሩ ሊሄድ ይችላል። ሙሌቱ ከመግባቱ በፊት ሶሌታው ተሞልቶ፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ተከምሮበት ይሆናል፤ ያኔ ጭነት አለ፣ ግፊት የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት የራሱን ምድር ቤት ሊቆፍር ይነሳል፤ በአንድ ወገን አፈሩ ሲነሳ የሶሌታው ግፊት አብሮ ይነሳል። እንዲያውም ሳይቆፈር ይቀንሳል። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በሺህ 0.4 ቢኮማተር 30 ሜትር ርዝመት ያለው ወለል በ12 ሚሊሜትር ያጥራል፤ በየወገኑ 6 ሚሊሜትር። ከበስተጀርባው የጠበቀ አሸዋ ያለበት ግድግዳ የቁመቱን አንድ ሺህኛ ያህል ወደ ውስጥ ሲል የአፈሩ ግፊት ከግማሽ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ግድግዳው 6 ሜትር ከሆነ ያ 6 ሚሊሜትር ነው። 160 የነበረው 110 እንኳ አይሞላም።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ስሌቱ ስንት ጊዜ ይሠራል?

አዛውንቱ፦ ቢያንስ ሁለት ጊዜ። አንዴ ግፊቱ ይጎዳል ብለሽ በ1.35 ታባዢውና ከርግበቱ ጭማሪ ጋር ትፈትሺዋለሽ። አንዴ ይጠቅማል ብለሽ ከ1 በላይ ሳታባዢ፣ ሊጠፋ የሚችል ከሆነም ዜሮ አድርገሽ። ሶሌታው ሁለቱንም ማለፍ አለበት። በጠንካራ ግፊት ላይ ተመሥርቶ ፌሮ መቀነስ የሚፈቀደው ግፊቱ በሕንፃው ዕድሜ ሁሉ እንደማይለይ በሌላ መንገድ ሲረጋገጥ ነው፤ በብረት ገመድ የተወጠረው ሶሌታ ከነዚህ ይመደባል፤ እሱም ቢሆን ገመዱ በጊዜ ብዛት የሚላላው ተቀንሶ።

ወጣቷ፦ ወለሉ በአንድ ደረጃ ካልሆነስ? የመኪና ማቆሚያዎች ብዙ ጊዜ ዝቅና ከፍ ይላሉ።

አዛውንቱ፦ ሥዕል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ግፊት በቀጥታ መስመር መሄድ ይፈልጋል። ሶሌታው በመንገዱ 100 ሚሊሜትር ዝቅ ካለ 160 ኪሎ ኒውተኑ በ100 ሚሊሜትር ተባዝቶ 16 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት እዚያች ደረጃ ላይ ይጥላል። የሶሌታው ሙሉ አቅም 21.5 እንደነበር አስቢ። ለመታጠቢያ ቤት ተብላ የወረደች ትንሽ ደረጃ የሶሌታውን ሦስት አራተኛ አቅም ትበላለች። እዚያ ሶሌታ አይበቃም፤ ቢም ያስፈልጋል። የመኪና መውረጃው ራምፕም እንዲሁ ነው፤ ሶሌታውን ቆርጦ ትልቅ ክፍት ይተዋል። ከግድግዳው የመጣው ግፊት ክፍቱን ዞሮ በማዕዘኖቹ ይጠባል፤ በክፍቱ ዳር ያለው ግድግዳም የሚደገፍበትን ያጣል። የክፍቱ ጠርዝ በአግድም የሚጎብጥ ቢም ሆኖ መሰላት አለበት።

ወጣቷ፦ ሶሌታውን ሊቆርጥ የሚፈልገው ኃይል፣ ሸርስ? ግፊቱ እሱን ይነካዋል?

አዛውንቱ፦ ይረዳዋል። ይኸው ሶሌታ ያለ ግፊት በየሜትሩ 61 ኪሎ ኒውተን ሸር ይችላል፤ 160 ሲጨመቅ 81 ይሆናል። ጥንቃቄው ግን ያው ነው፤ ግፊቱ ሊጠፋ ከቻለ 81ን እርሺው።

ወጣቷ፦ ሶሌታ ከስሌቱ እጥፍ ተጭኖ አልወድቅም እንዳለ የሚነገረውስ?

አዛውንቱ፦ እሱ ከውጭ ያልመጣ፣ ሶሌታው ራሱ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ኦክልስተን የተባለ መሐንዲስ ጆሃንስበርግ ውስጥ ሊፈርስ የነበረ የጥርስ ሆስፒታልን ወለሎች እስኪወድቁ ጭኖ ሞከረ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1955 አሳተመ። ወለሎቹ ዴንማርካዊው ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጣው የስንጥቅ መስመር ስሌት ከተገመተላቸው ከእጥፍ በላይ ቻሉ። ምክንያቱ፣ የተሰነጠቀ ሶሌታ ገለልተኛ መስመሩ ወደ ተጨመቀው ፊት ስለሚጠጋ በመሃል ውፍረቱ ላይ ሲለካ መርዘም ይፈልጋል። ዙሪያውን ያሉት ሶሌታዎችና ቢሞች አትረዝምም ብለው ይይዙታል፤ በመያዛቸው ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ እንደ ዝቅተኛ ቅስት ይሸከማል። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ይህን እ.ኤ.አ. በ1979 የድልድይ ደንቧ አስገብታ ለድልድይ ወለል በየአቅጣጫው 0.3 በመቶ ፌሮ በቂ ነው አለች።

ወጣቷ፦ እኛስ በሕንፃ ላይ ልንጠቀምበት እንችላለን?

አዛውንቱ፦ በመሃል ያለ፣ በአራቱም ወገን በሌላ ሶሌታ የታጠረ ወለል ላይ በእርግጥ አለ። በሕንፃው ጠርዝና ማዕዘን ያለው ሶሌታ ግን የሚይዘው የለውም፤ በረንዳ የሆነው ጭራሽ። እኔ የምለው፣ አሮጌ ሕንፃ ስትመረምሪ ለምን እስካሁን እንደቆመ ለማስረዳት ይጠቅምሻል፤ አዲስ ስትሠሪ ፌሮ ለመቀነስ አትጠቀሚበት። ከዚህም ሌላ የዚህ ዓይነቱ ሶሌታ ሲወድቅ ረግቦ አስጠንቅቆ ሳይሆን ከጭነቱ ሥር ተበስቶ ሊወድቅ ይችላል።

ወጣቷ፦ እሳትስ?

አዛውንቱ፦ የተጨመቀ ኮንክሪት በእሳት ጊዜ ፊቱ በቁርጥራጭ እየፈነዳ የመላጥ ዝንባሌው ይበዛል፤ ውስጡ እርጥበት ካለ ይብሳል። በምድር ቤት ደግሞ ሶሌታው ሲሞቅ መስፋት ፈልጎ አፈሩ ስለማይለቀው ግፊቱ ራሱ ያድጋል። የመኪና ማቆሚያ ከቨር ላይ መቆጠብ ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወጣቷ፦ ስሌቱ ሁሉ ተሠርቶ ሥራው ሲጀመር ምን ላይ ልቁም?

አዛውንቱ፦ የላይኛው ፌሮ ላይ። ኮንክሪት ሲሞላ ሠራተኛው ይረግጠዋል፤ ከፍ አድርጎ የሚይዘው የታጠፈ ፌሮ በቂ ካልሆነ ይወርዳል። ከቢሙ በላይ ያለው የላይኛው ፌሮ በ20 ሚሊሜትር ቢወርድ እዚያ ያለው የሞመንት አቅም ወደ 17 በመቶ ይቀንሳል፤ ግፊትም አይመልሰውም። ቀጥሎ ሶሌታውና ግድግዳው የሚገናኙበት ስፌት ላይ። ግፊቱ ሁሉ በዚያች 150 ሚሊሜትር ያልፋል። መጋዝ ብናኝ፣ የደረቀ የሲሚንቶ ውሃ፣ በቫይብሬተር ያልተነካ ጠጠር እዚያ ከተገኘ ግፊቱ በግማሹ ውፍረት ብቻ ያልፍና ከመሃል ይሸሻል፤ የምንፈራው ጭማሪ ሞመንት ካላሰብነው ቦታ ይመጣል። ግድግዳውን ለጊዜው የደገፉት ድጋፎች ደግሞ የሚነሱት ሶሌታው ለዚያ ግፊት የታሰበውን ጥንካሬ በኩብ ፈተና ካሳየ በኋላ ነው፤ ከላይ ወደ ታች እየተቆፈረ በሚሠራ ምድር ቤት ከሆነም ቀጣዩ ቁፋሮ ከዚያ በፊት አይጀመርም።